የአንዲት ኳስ ተቀባይ

አውቶቡሱ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ አንዲት አሮጌ ፎርድ ከኋላው ካለው አቧራ ውስጥ ብቅ አለች። ጡሩንባዋን አላቋረጠችም። የሚነዳት ሰውዬ አንድ እጁን በመስኮት አውጥቶ ባርኔጣውን ያውለበልባል።

«አለቃ፣ አንድ ሰውዬ እያሳደደን ነው» አለ ከኋላ ወንበር የተጋደመ ተጫዋች።

«የሆነች ሴት ባል ይሆናል» አለ ሌላው። «ማናችሁ ናችሁ ቅዳሜ ዳንስ ቤት ያበዛችሁት? አሁኑኑ ውረዱና እኛን አድኑን!»

አለቃ ኦርቪል ታገርት መኪናውን ወደ በቆሎው ዳር አወጣና አቆመ። የሃንቢ ቤዝቦል ክለብ አሠልጣኝ እሱ ነው፤ ሾፌሩም እሱ ነው፤ ሐኪም ሲጠፋ ወለምታ የሚያሸውም እሱ ነው። ከፎርዷ የወረደው የሃንቢ ባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነበር። ሃያ አምስት ማይል ሙሉ ሲከተላቸው ሸሚዙ ከጀርባው ጋር በላብ ተጣብቋል። ቢጫ ወረቀት ዘረጋ።

«ከቺካጎ ነው» አለ።

አውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ሳቅ ቀጥ አለ።

ኦገስት 1937 ነው። በዚያን ጊዜ የቺካጎ አንጥረኞች የሚባለው ትልቅ ክለብ ከኔብራስካ እስከ ካሮላይና በየገጠሩ ከተማ የተበተኑ ሃያ አንድ ትንንሽ ክለቦች ነበሩት። ሥራቸው ለትልቁ ተጫዋች ማብቀል ነበርና ሰው ሁሉ «እርሻው» ይላቸዋል። እርሻው በፊደል ተከፋፍሏል፤ ከሁሉ በታች ዲ፣ ከዚያ ሲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ድርብ ኤ፣ ከዚያ በላይ ቺካጎ። ጎረምሶች ዲ ላይ ይዘራሉ፤ የበቀለው ወደ ላይ ይወጣል፣ ያልበቀለው ወደ አባቱ ሱቅ ወይም ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ይህን ሁሉ ከአንድ ቢሮ የሚያንቀሳቅሱት ሚስተር ፕሬንቲስ ሃዲ ነበሩ፤ ተጫዋቾቹ ከጀርባቸው «ገበሬው» ይሏቸዋል። ቴሌግራሙ የእሳቸው ነበር።

ታገርት አንብቦ ሲጨርስ ወደ መስኮቱ ቀና አለ። «ካዝ፣ እስቲ ና ውረድ።»

ካሲሚር ዎላክ ጉልበቶቹን አንድ በአንድ አቃንቶ ወረደ። ተቀባይ ነው፤ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ ፊቱን በብረት ጭምብል ሸፍኖ ወርዋሪው የሚልካትን ኳስ ይይዛል፤ የትኛዋ ኳስ እንደምትወረወርም በጣቶቹ ምልክት ይሰጣል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። አባቱ የፔንስልቬንያ ከሰል ቆፋሪ ነበር። ከቀኝ እጁ ጣቶች ያልተሰበረው አውራ ጣቱ ብቻ ነው። እርሻው ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቷል፤ ዲ ላይ ሦስት፣ ሲ ላይ ሁለት፣ ቢ ላይ አምስት፣ ኤ ላይ አንድ፣ ከዚያ ተመልሶ ቢ። ቺካጎን የሚያውቃት በባቡር መስኮት ነው።

«ሁለተኛ ተቀባያቸው ተጎድቷል» አለ ታገርት። «ድርብ ኤ ያለው ልጅ ከካሊፎርኒያ እስኪደርስ ሳምንት ይፈጃል። እኛ ቅርብ ነን። ይኸው አንብበው፤ ‹ዛሬውኑ ዝግጁ የሆነውን ላክ› ነው የሚለው። ስም አልጻፉም።»

ሃንቢ ሁለት ተቀባዮች ነበሩት፤ ካዝ እና ዴልማር ሂችንስ። ዴልማር የሃያ ሁለት ዓመት የአርካንሳስ ጎረምሳ ነው፤ ትከሻው በር የሚሞላ።

«ዴልማር ዘንድሮ አሥራ አራት ጊዜ ኳሷን መትቶ ከአጥር ውጭ አውጥቷል» አለ ታገርት። «አንተ ስንት አወጣህ?»

«አንድ።»

«እሷንም ነፋሱ ነው የወሰዳት።»

«እሷንም ነፋሱ ነው የወሰዳት» አለ ካዝ።

«ወረቀት የሚያይ ሰው ዴልማርን ይልካል። ግን ልጁን የምታሠለጥነው አንተ ነህ። ዝግጁ ነው ወይ? ባቡሩ ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ ከፊታችን ያለው ኮልተን ይቆማል። እስከዚያ ንገረኝ።»

«አለቃ፣ ይህን እኔን አይጠይቁኝ።»

«ማንን ልጠይቅ? በቆሎውን?»

አውቶቡሱ ተነሣ። ካዝ ከሾፌሩ ኋላ ብቻውን ተቀመጠ። መልሱን ያውቀዋል፤ ያስቸገረውም እሱ ነው። ዴልማር፣ ቤዝ በሚባለው የሜዳው ማዕዘን ላይ ሯጭ ሲኖርና ኳሷ ዝቅ ብላ መሬት ስትመታ ዓይኑን ይጨፍናል። ለቅጽበት ነው፣ ከዳር ላለ ሰው አይታይም፤ ግን ኳሷ በዚያች ቅጽበት ታልፋለች። ነውር የለበትም። ካዝ ራሱ በዚያ ዕድሜው ይጨፍን ነበር፤ እስኪለቀው ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። ልጁ አልደረሰም። ነገር ግን ይህን ለአለቃው ሲናገር እውነቱን መናገሩ ነው ወይስ ምኞቱን? ሁለቱ አንድ ላይ ተጣብቀው ሊለያዩለት አልቻሉም። ‹ከእኔ ሌላ የሚሄድ ሰው ቢኖር ምን እል ነበር?› ብሎ ራሱን ጠየቀ። ያው ነው፤ አልደረሰም ይል ነበር። ቢሆንም ከልጁ ጀርባ ሆኖ መናገር አስጠላው።

ተነሥቶ ከዴልማር ጎን ተቀመጠ። ዴልማር ለሙቀቱ ብሎ ኮፍያው ሥር የጎመን ቅጠል አድርጎ፣ ገና ካሁኑ ፈገግ ብሎ ይጠብቅ ነበር።

«ስማኝ ዴል። ለአለቃው ከመንገሬ በፊት ላንተ ልንገርህ ብዬ ነው። አልደረስክም።»

ዴልማር የቀለደ መስሎት ሳቀ። «ማን ነው ታዲያ የደረሰው? አንተ?»

«እኔ ደርሻለሁ።»

«አንተማ ደርሰህ አልፈሃል!»

ፊት ያሉት ዘወር ብለው ሳቁ። ዴልማር ግን ከንግዲህ አልሳቀም። «ሠላሳ አራት ዓመትህ ነው እኮ ካዝ። ከአንደኛ ቤዝ ወደ ሁለተኛው ስትነሣ ምሳ ቋጥረህ ነው። የኔን ዕድል ልትበላ ነው?»

«ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ዓይኔን ግን አልጨፍንም።»

የዴልማር አንገት ቀላ። ቀጥሎ ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

«ለማን ነግረሃል?»

«ለማንም።»

«ካወቅክ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ከጁን ጀምሮ። በየጠዋቱ መሬት መሬቱን የምወረውርልህ ለምን መስሎህ ነበር? ለጤናዬ?»

ዴልማር ጓንቱን ጭኑ ላይ አገላበጠ።

«ዛሬ ብትሄድ ሦስት ኳስ ያመልጥሃል፤ በነጋታው ይመልሱሃል። አንዴ ከተመለስክ ሁለተኛ ማን ይጠራሃል? ዓመት ታገሥ፤ ያኔ ማንም አያወርድህም።»

«እንግዲህ ለኔ አዝነህ ነዋ!»

«አይደለም» አለ ካዝ። «ለራሴም ነው። መሄድ እፈልጋለሁ ዴል። እንዴት እንደምፈልግ ብነግርህ ታፍርልኛለህ። ግን ባልፈልግም የምነግርህ ይህንኑ ነበር።»

ዴልማር የጎመን ቅጠሉን ከኮፍያው አውጥቶ በመስኮት ወረወረው። ፊቱን ወደ በቆሎው አዞረ፤ ኮልተን እስኪደርሱም አልመለሰውም።

ጣቢያው ፊት ለፊት ታገርት ሞተሩን አጠፋ። «እሺ፣ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ካዝ።

«እኔም ይህንኑ ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አስጨነቁኝ?»

«ራስህ ስትለው ልስማ ብዬ ነዋ። አምስት ዓመት አብረን ስንሠራ ስለ ሰው እንጂ ስለ ራስህ አንዲት ቃል ተናግረህ አታውቅም።»

ተጫዋቾቹ ወርደው ትከሻውን እየመቱ ሸኙት። አንዱ ሳንድዊቹን ሰጠው፤ ሌላው ቺካጎ ላለች አክስቱ መልእክት ላከ። ዴልማር አልወረደም።

ቺካጎ ሲደርስ የልብስ ክፍሉ ሽማግሌ የተጎዳውን ተቀባይ መለያ ሰጠው። ሱሪው ካዝን የሚያህሉ ሁለት ሰዎች ያስገባል፤ ሽማግሌው ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰበሰቡለት። የትልቁ ክለብ አሠልጣኝ ሚስተር ፌራን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ተቀባዩ አንተ ነህ? ጥሩ። ወርዋሪዎቹን ታሟሙቃለህ» አሉና ሄዱ። ስሙን አልጠየቁትም።

ካዝ ምንም አልከፋውም። ሆቴሉ ለአንድ ሰው አራት ፎጣ ይሰጣል። ሜዳው ላይ አንዲት ጠጠር የለችም፤ ሣሩ ምንጣፍ ነው። በየቀኑ ከዳር ሆኖ የሚሟሟቁትን ወርዋሪዎች ኳስ ይቀበላል፤ ጨዋታው ሲጀመር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ በነጻ ያያል። በሁለተኛው ቀን አንድ ረዥም፣ ጸጉሩ ወርቃማ የሆነ ሰው ከኋላ መጥቶ አነሣው።

«ካዝ! አንተ አሮጌ ድንጋይ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ላይል ስቫንቦርግ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ሞልቶት፣ ዲ ላይ ካዝ ጋ የመጣ ጊዜ የእናቱን ላሞች እያስታወሰ የሚያለቅስ የኔብራስካ ስዊድናዊ ነበር። መቺው ጋ ስትደርስ ድንገት ወደ መሬት የምትወድቀውን ኳስ ያስተማረው ካዝ ነው፤ በአንድ የአሳማ በረት አጠገብ፣ አንድ የጸደይ ወር ሙሉ። ዛሬ ላይል የአንጥረኞቹ ሁለተኛ ወርዋሪ ነው።

«የኛዋ ወዳቂ ኳስ እንዴት ናት?» አለው ካዝ።

«ደህና ናት። ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሰው ካለ ግን አልወረውራትም። እዚህ ያሉት ተቀባዮች ያመልጣቸዋል። አንዴ አምልጣቸው ጨዋታ ተሸንፌባታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ልቤ አይጥልባትም።»

ካዝ ጓንቱ ውስጥ ያስገባውን ስፖንጅ አስተካከለ።

ስድስት ቀን እንዲህ አለፈ። በሰባተኛው ቀን፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሠላሳ ሺህ ሰው በገባበት ላይል እየወረወረ አንጥረኞቹ ሦስት ለሁለት ይመሩ ነበር። የመጨረሻው ዙር ነው። ከተጋጣሚው ሁለት ሰው ወጥቷል፤ ሦስተኛው ሲወጣ ጨዋታው ያልቃል። ሦስተኛው ቤዝ ላይ ግን አንድ ፈጣን ሯጭ ቆሟል። እሱ ተቀባዩ ጋ ደርሶ ከገባ እኩል ይሆናሉ። መቺው ሁለት ጊዜ ተቆጥሮበታል፤ ሦስተኛ ከተቆጠረበት ይወጣል። በሁለተኛው ኳሷን በዱላው ጫፍ ላጥ አደረጋት፤ ኳሷም ሄዳ የተቀባዩን ባዶ እጅ አገኘች። ተቀባዩ ተንበረከከ። ጣቱ ተሰንጥቆ ደሙ ይንጠባጠብ ነበር።

ሚስተር ፌራን ወደ አግዳሚው ዞሩ። «አንተ! ተቀባዩ!»

ካዝ ጭምብሉን አንሥቶ ሮጠ። ሮጠ ማለት ያው ካዝ እንደሚሮጠው ነው፤ ከመቀመጫዎቹ አንድ ሰው «ቀስ በል አያቴ፣ ባቡሩ ይጠብቅሃል!» ብሎ ጮኸ፤ ሕዝቡም ሳቀ።

ቁጢጥ አለ። ጣቶቹን በእግሮቹ መካከል ዘርግቶ ምልክት ሰጠ፤ ወዳቂዋን ኳስ። ላይል ራሱን ነቀነቀ፤ እምቢ። ካዝ ደግሞ ያንኑ ምልክት ሰጠ። ላይል አሁንም እምቢ አለ። ካዝ ዳኛውን ጊዜ ጠይቆ ወደ ወርዋሪው ሄደ።

«ሦስተኛ ላይ ሰው አለ እኮ ካዝ» አለ ላይል፤ ከንፈሩ ደርቋል።

«አይቼዋለሁ። ደህና ሰው ይመስላል።»

«ብታመልጥህ...»

«ላይል፣ ያንን የአሳማ በረት ታስታውሳለህ? እዚያ አንዲት እንኳ አምልጣኛለች?»

«አንዲት አምልጣሃለች። አሳማዋን መታቻት።»

«አሳማዋ ናት የገባችበት። በል ወርውር፤ መሬት እስክትመታ ጣላት። የቀረው የኔ ጣጣ ነው።»

ተመልሶ ቁጢጥ አለ። ላይል እጁን አንሥቶ ወረወረ። ኳሷ በመቺው ወገብ ልክ መጣች። መቺው በሙሉ ጉልበቱ ዱላውን ሲያወዛውዝ ከሥሩ ወደቀች፤ ነፋስ መታ። ግን አላለቀም፤ መቺው ሦስተኛዋን ቢስትም ተቀባዩ መሬት ሳትነካ ካልያዛት መሮጥ ይችላል፤ የሚወጣው ተቀባዩ በኳሷ ሲነካው ነው። ኳሷ አፈሩን መታች፣ ነጥራ መጣች። ካዝ በጉልበቱ ወርዶ፣ ትከሻዎቹን ሰብስቦ፣ አገጩን አስገብቶ ደረቱን ሰጣት። ከመከላከያው ጠርዝ በላይ አገኘችው። ድምፁ ጣውላ በመዶሻ የተመታ ይመስላል። ከእግሩ ፊት ለፊት፣ ከአንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ ጸጥ ብላ ተቀመጠች።

ሯጩ ከሦስተኛው ቤዝ ተነሥቷል። መቺው ሊሮጥ ዞሯል። ካዝ በተሰባበሩት ጣቶቹ አነሣትና የመቺውን ጀርባ በቀስታ፣ ዘመዱን እንደሚጠራ ሰው፣ ነካ አደረገው።

«ወጥተሃል ወንድሜ» አለው።

ጨዋታው አለቀ። ላይል እየጮኸ መጥቶ ላዩ ላይ ወደቀበት። ሚስተር ፌራን በጥድፊያ መጥተው እጁን ጨበጡት። «ስምህን ማን ነበር ያልከኝ?» አሉት። አልነገራቸውም ነበር፤ አሁን ነገራቸው።

ገና ልብሱን ሳይቀይር ወደ ላይኛው ፎቅ ተጠራ። ሚስተር ሃዲ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በካርድ መሳቢያ በተሞላ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ትንሽዬ ሰው፣ ቢራቢሮ ከረባት ያሰሩ። ከወንበራቸው ተነሡ።

«ሚስተር ዎላክ፣ ይቀመጡ። ውኃ ይጠጣሉ?»

እርሻው ውስጥ በ‹እርስዎ› ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። የተሰበሰበ ሱሪውን ይዞ በወንበሩ ጫፍ ተቀመጠ።

«የካሊፎርኒያው ልጅ ነገ ጠዋት ይገባል። እርስዎ ወደ ሃንቢ ይመለሳሉ።»

«አዎ፤ አውቄያለሁ።»

«በእርስዎ እጅ አልፈው ትልቁ ሊግ የደረሱ ወርዋሪዎች ስንት እንደሆኑ ያውቃሉ?»

ካዝ አሰበ። «ላይል አለ። ሁለቱ ከሲ... አራት ይሆናሉ?»

«ሰባት ናቸው። ሦስቱ ሌላ ክለብ ሄደው ነው የማያውቋቸው። ገበሬው ትሉኛላችሁ አይደል? አይደንግጡ፣ ሰምቻለሁ። አባቴ መድኃኒት ቀማሚ ነበር፤ እኔ በሕይወቴ ዶማ ይዤ አላውቅም። የምሠራው ከካርድ ጋር ነው። ከሰዎቹ ጋር የምትውሉት እናንተ ናችሁ።» መሳቢያ ከፍተው ካርታ አወጡ። «ለሚቀጥለው ዓመት ኔብራስካ ውስጥ አዲስ የዲ ክለብ እንከፍታለን፤ ኦርድዌይ በሚባል ከተማ። ሜዳው የከብት ትርኢት የሚደረግበት ነው። አለቃ እፈልጋለሁ።»

ካዝ ካርታውን አየ። ኦርድዌይ የዝንብ ኩስ ታህላለች። «እንግዲህ መጫወቴ አበቃ ማለት ነው?»

«ተቀባይ በጎደለ ጊዜ ይጫወታሉ። ተቀባይ ደግሞ ሁልጊዜ ይጎድላል።»

«አንድ ነገር ልለምን። ሃንቢ ያለውን ሂችንስን እስከሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ከአለቃ ታገርት ሥር አያንሡት። ከዚያ በኋላ እዚህ ያምጡት። እኔ የማልችለውን ምት ይመታል፤ እኔ የምችለውን ደግሞ ይማራል። ልጁ ቁጡ ነው፤ ግን ሲነግሩት ይሰማል።»

ሚስተር ሃዲ ብዕራቸውን ነክረው ካርድ ላይ ጻፉ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁትም።

ካዝ ደረጃውን ሲወርድ ኀዘኑን ፈለገ፤ ቁልፉ የጠፋበት ሰው ኪሱን እንደሚፈትሽ። ከአሁን በኋላ ወደዚህ ሜዳ እንደማይመለስ ያውቃል፤ ማዘን ነበረበት። ግን አላገኘውም። ያገኘው ረኀብ ብቻ ነው።

ታች ኮሪደሩ ላይ የግድግዳ ስልክ ነበር። ኦፕሬተሯን ሃንቢ፣ የወይዘሮ ሙንሰን ቤት አላት። ሚስቱ ብሮንያና የስድስት ዓመት ልጃቸው እዚያ ክፍል ተከራይተው ነበር የሚኖሩት። ብሮንያ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣች።

«ሬዲዮው ‹ወላቅ› አለህ!» አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠው። «ወይዘሮ ሙንሰን ተነሥታ ሬዲዮውን ‹ዎላክ ነው፣ አንተ ደንቆሮ!› ብላ ሰደበችው።»

«አልሰደብኩትም፣ አረምኩት እንጂ» አለ ከመስመሩ ላይ ሌላ ድምፅ።

«ወይዘሮ ሙንሰን፣ እባክሽ ያኛውን ስልክ ዝጊው።» ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። «ካዝ፣ ስንት ኳስ ያዝክ?»

«አንዲት። እሷንም አልያዝኳት፤ ደረቴ ነው የያዛት።»

ብሮንያ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ትንሽ ተሰበረና ተመለሰ።

«ብሮንያ፣ ኔብራስካ እንድሄድ ጠይቀውኛል። ዲ ነው።» ቆም አለ። ወደ ታች እንደማትመለስ ከነገረችው ሁለት ዓመት አልሞላም። «አለቃው እኔ ነኝ።»

የስልኩን ገመድ በጣቱ ጠመዘዘ።

«ትምህርት ቤት አለ?»

«ከብት ካለ ትምህርት ቤት አይጠፋም።»

«አውቶቡሱንም አንተ ነህ የምትነዳው?»

«ሳይሆን አይቀርም።»

«እንግዲያውስ መንዳት ተማር» አለች። «ታገርት ሲነዳ ያለቀው ጀርባዬ ይበቃኛል። እሺ፤ እንሄዳለን።» ቀጥሎም ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፦ «ካዝ፣ አመመህ? ስትመታህ ድምፁን በሬዲዮው ሰማሁት። ልጅቷ ‹አባዬ ተሰበረ› ብላ አለቀሰች።»

ካዝ መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ። መለያው ሥር ኳሷ የመታችበት ቦታ አብጦ ይሞቃል። በጣቱ ጫን ሲያደርገው ሕመሙ እስከ ጀርባው ሄደ። ግድግዳውን ተደግፎ፣ በባዶው ኮሪደር ውስጥ ብቻውን፣ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ ሳቀ።

«በጣም ነው የሚያመኝ» አላት።